የገለፈቱ ጉድጓድ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለብርሃነመስቀል፤

ከወረቀቱ በፊት ሰላምታዬ ይድረስህ። ያለህበትን አገር ብርድ በወሬ ነው የማውቀው፤ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም እመቤቴ ትሰውርህ። እናትህ፣ አክስቴ እትዬ ልዩ፣ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ዓባይነህም «ባሌ ብለሽ ብቻ አትለፊኝ፤ በስሜ ሰላም በይልኝ» ብሏል።

ዘንድሮ ቡናው ፍሬው ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን አፈር በላ። ከሸዋ ቤንች በኩል የሚመጣልንን ቀይ እሸት ኪሎውን ከአንድ ብር በታች እየገዛን እንኳ መፈልፈያችን ወጪውን አልቻለም። በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ከመቶ ኪሎ እሸት ውስጥ የሚሸጠው ፍሬ ሃያ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ገለፈትና እጣቢ ነው። ገለፈቱን ከመፈልፈያው ጀርባ እንከምረዋለን፤ ዝናቡ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። በዚህ ዓመት ወንዙ ጠቁሮ ሸተተ። ከታች ያሉት ቤንቾች ከብቶቻቸው አንጠጣም ስላሉ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አንዱ አዛውንት ለዓባይነህ፣ «ልጄ፣ ቡናውን አንተ ትሸጣለህ፣ ሽንቱን እኛ እንጠጣለን?» አሉት። ዓባይነህ አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። ከመሥሪያ ቤትም ወረቀት መጥቶልናል፤ እስከሚመጣው ለቀማ መላ ካላበጀን መፈልፈያው ይታሸጋል።

አንተ ለእናትህ ስትጽፍ፣ ቆሻሻ ወደ ጥቅም የሚለውጥ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆኛለሁ ብለህ ነበር። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ነገር ምን ያደርጉታል? ሲመችህ ጻፍልኝ።

እህትህ እታገኝ

---

ስዊድን፣ ኅዳር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ እታገኝ፤

ጤናሽን፣ የጋሽ ዓባይነህንም ጤና አምላክ ያብዛው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መስኮቴ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ሳነበው ግን የመፈልፈያው ድምፅ ተሰማኝ።

መላውማ አለ። ፋብሪካችን የቄራ ትራፊና የበሰበሰ አትክልት በመኪና ይቀበላል። አየር በማይገባው ትልቅ ጋን ውስጥ ከትተው ያብላሉታል። ጠላ በጋን ሲፈላ አይተሻል አይደል? የሚንተከተከውን አየር እዚህ አያባክኑትም፤ በቱቦ ይይዙታል፤ ይነዳል። የከተማው አውቶቡሶች የሚሄዱት በዚሁ ነው። ጋን ውስጥ የሚቀረውን ዝቃጭ ደግሞ ገበሬው እየተሻማ ይገዛዋል። እንደ እኔ ሐሳብ፣ የአንቺ ትርፍ ከጋዙ ይልቅ በዝቃጩ ነው። ጋዙ የማገዶሽን ይሸፍናል፤ ዝቃጩ ይሸጣል፤ ወንዙም ይጠራል። ሦስት ጥቅም በአንድ ጉድጓድ!

ሥዕሉን በሌላው ወረቀት አድርጌዋለሁ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፣ ገለፈትና የላም እበት እኩል በእኩል፣ ከላይ የማያስተነፍስ ክዳን፣ ከክዳኑ ቱቦ። ለሲሚንቶው የሚሆን ትንሽ ነገር በገሠሠ ሱቅ በኩል ልኬያለሁ፤ ይሰጥሻል። አትፍሪ፤ ሥራው ቀላል ነው። እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ወንድምሽ ብርሃነመስቀል

---

ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመሐንዲሱ ወንድሜ፤

እልል በልልኝ! ጥር ሃያ ሁለት፣ በአስተርዮ ማግሥት፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ክብሪት ጫርን፤ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። ቡና የሚለቅሙልን ሴቶች አፋቸውን ይዘው ቀሩ። አሁን የሰባ ሰው ንፍሮና ሽሮ የሚበስለው በገለፈት ነው። እንጨት ከገዛን ወር ሊሞላን ነው።

የዝቃጩ ነገርማ አንተ እንዳልከው ሆነ። የዝንጅብል ተካዮች በማዳበሪያ ጆንያ እየሞሉ ይወስዳሉ። መጀመሪያ በነፃ ነበር የሰጠናቸው፤ አሁን ጆንያውን ስምንት ብር ብንላቸውም መውሰዳቸውን አልተዉም። ዓባይነህ ትናንት ማታ እራት ላይ፣ «እታገኝ፣ ዘንድሮ ያኖረን ቡናው አይደለም፤ ልጣጩ ነው» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። እኒያ አዛውንትም መጥተው ወንዙን አይተው መረቁን።

ሥራውን ከድር የሚባል የቀን ሠራተኛችን ይዞታል። የወራቤ ልጅ ነው፤ ሱሀይላ የምትባል ሚስት አለችው፤ ነፍሰ ጡር ናት። ታማኝ ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ «የእታገኝ ወንድም መሐንዲሱ» እያለ ስምህን ያነሣል። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀና ብለው ነው።

አንድ ጉድጓድ አልበቃንም። ሁለተኛውን ጥልቅ አድርገን ልንቆፍር ነው። ከቻልክ ለቱቦውና ለክዳኑ አግዘን።

እህትህ እታገኝ

---

ስዊድን፣ መጋቢት 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ደስታሽ ደስታዬ ነው። ለፋሲካ እንዲደርስ የቻልኩትን በገሠሠ በኩል ልኬያለሁ። እናቴ ቀና ብላ መሄዷን ያነሣሽበትን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ ሁለተኛው ጉድጓድ፦ አትቸኩሉ። ክዳኑ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠንክር። ቱቦው እንዳይጠመዘዝ። ከልጆች አርቁት። እሳት ከአጠገቡ አታንድዱ። ሰውም ባይገባበት ይሻላል፤ መማሰል ካስፈለገ በረጅም እንጨት ከላይ ይሁን። የዝናቡ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ አውጡለት። ጆንያውን ስምንት ብር ማለታችሁ ትንሽ ነው፤ አሥር በሉ።

ለጋሽ ዓባይነህ ሰላም በይልኝ። ለከድርም።

ወንድምሽ ብርሃነመስቀል

---

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለብርሃነመስቀል፤

እንደምን ከርመሃል? ስለዘገየሁ እንዳትቀየመኝ፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። በክረምቱ ሁለተኛውን ጉድጓድ ጨርሰናል፤ ጥልቀቱ የሦስት ሰው ቁመት ይሆናል። የሚያምረው ክዳን ግን አልሆነልንም። የላክኸውን ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ አዋልነው፤ ለጊዜው በሳንቃና በላስቲክ ሸፍነነዋል። በመካከሉ ሰው የሚያስገባ አፍ ትተንለታል።

ጋዙ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ዝቃጩ ግን ይትረፈረፋል። ላዩ እንደ ቁርበት እየደረቀ አፉን ስለሚደፍነው ከድር በመሰላል እየወረደ ይሰብረዋል። ረጅም እንጨት አልደርስ አለ። ባለፈው ሳምንት ከወጣ በኋላ ራሱን አዞረው፤ ወተት ሰጠነው፤ ጥላ ሥር ተኝቶ ተነሣ። ሴቶቹ «ጉድጓዱ ባለቤት አበጅቷል» ይላሉ። ዶሮዎቻችን በአፉ ዙሪያ ሞተው ስላገኟቸው ነው፤ እኔ ፈንግል ነው እላለሁ። ዓባይነህ ሴቶቹን «ባለቤቱማ እኔ ነኝ፤ ግብር የምከፍለው እኔ!» አላቸውና ተሳሳቁ።

ለቀማው እየጀመረ ነው። የችግኝ ጣቢያዎች ገና ካሁኑ ዝቃጩን በመኪና ልንጭን ነው ብለዋል። ከሩቅ ከሩቅ እየመጡ አሠራሩን የሚያዩም አሉ፤ ሥዕልህን እየገለበጡ ይወስዳሉ። ለክዳኑ እንደገና ባስቸግርህ ይከፋሃል?

ሱሀይላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ዓባይነህ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ እታገኝ

---

ስዊድን፣ መስከረም 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፤

የሰላምታውን ወግ ይቅር በይኝ፤ ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ነው የምልከው፤ ከዚያ ለሚዛን አውቶቡስ ሹፌር ይሰጠዋል። ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ! ከድርም፣ ጋሽ ዓባይነህም፣ ማንም። ዶሮዎቹን የገደላቸው ፈንግል አይደለም።

ከሚብላላው ነገር የሚወጣው አየር ውስጥ መርዝ አለ። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው «ሽታው ጠፋ» ሲል ነው የሚገድለው። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይበቃል። የወደቀን ሊያወጣ የሚገባውም አብሮ ይወድቃል። የሁለተኛውን ጉድጓድ ሥራ አቁሙ፤ አፉን ከፍታችሁ ራቁት።

ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልጻፍክልኝም ትይኛለሽ። እውነቱን ልንገርሽ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የማጥበው መኪናዎቹን ነው፤ የመጫኛውን አደባባይም እጠርጋለሁ። ሥዕሉን የቀዳሁት ለጎብኚዎች ከተለጠፈ ሰሌዳ ነው። ከጋኑ አጠገብ ግን ሌላ ሰሌዳ አለ፤ የራስ ቅል የተሣለበት። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ። በኅዳር ስጽፍልሽ ትዝ ብሎኝ ነበር። ካስፈራኋት ትተወዋለች፣ ከተወችውም መሐንዲስ አለመሆኔ ይነቃብኛል ብዬ ዘለልኩት። በመጋቢት «ባይገባበት ይሻላል» ያልኩት ኅሊናዬ ሲያስቸግረኝ ነው፤ እሱንም ከዝናብ ቦይና ከጆንያ ዋጋ መሐል ሸጎጥኩት።

እናቴ ትስማ፣ አገር ይስማ፣ ግድ የለኝም። እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፤ አንድም ሰው አይግባ። ደብዳቤው እንደ ደረሰሽ ጻፊልኝ።

ብርሃነመስቀል

---

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለብርሃነመስቀል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልቆም ብሏል።

የምጠይቅህ አለኝ። ያ አየር ሰውን ሲይዘው ያሳምመዋል? ወይስ እንደ እንቅልፍ ነው? አንድ ሰው ከወደቀ በኋላ ቢጠሩት ይሰማል? ያንተ ፋብሪካ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅልኝ። በትክክል ጠይቅልኝ።

ለክዳኑ ያልኩህን ተወው። ገንዘብ አትላክ።

እታገኝ

---

ስዊድን፣ ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ እታገኝ፤

አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓመት ሙሉ ስትጽፊልኝ ጋሽ ዓባይነህን ያላነሣሽበት ደብዳቤ የለም። በዚህኛው ስማቸውም የለም። ስለ ከድርም አንድ ቃል የለም። የመስከረሙን ደብዳቤ ማግኘት አለማግኘትሽንም አልነገርሽኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ቴሌ ደወልኩ። ሰው ልከው ሊያስጠሩሽ ቃል ገቡልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል፣ «ሴትዮዋ አልመጣም ብለዋል» አሉኝ። «ታመው ነው?» ብል፣ የቴሌዋ ልጅ፣ «እኔ ምን አውቄ፣ ጥቁር ለብሰዋል አለ መልእክተኛው» ብላ ዘጋችው።

የጠየቅሽኝን ጠይቄያለሁ። እዚህ ለረጅም ዘመን የሠራ አንድ ሽማግሌ አለ። ሲበዛ ወዲያው ነው፣ አያሳምምም አለኝ። ይሰማ እንደሆን ግን አላውቅም አለ። እኔም አልዋሽሽም፤ አላውቅም።

እትዬ፣ ማን ነው?

ብርሃነመስቀል

---

ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለብርሃነመስቀል፤

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሰው ቤትህ መጥቶ፣ በጠዋት፣ አጠገብህ ተቀምጦ ነበር መንገር የሚገባው። እዚያ ማን እንዳለህ አላውቅም። ስለዚህ ብቻህን ከሆንክ ተነሥና ሰው ጠርተህ ቀጥል።

ዓባይነህ ሞቷል። ከድርም ሞቷል። ጥቅምት አራት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር። ሹፌሩ መስከረም ሠላሳ በእጄ ሰጠኝ፤ ከሞታቸው አራት ቀን በፊት። ጓዳ ገብቼ አነበብኩት። ስለ መርዙ ያልከውን ሳነብ ዓባይነህን ልጠራው ተነሥቼም ነበር። ከዚያ መኪና አጥባለሁ ያልከው ጋ ደረስኩ። ምን ልበልህ፣ ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ በስምህ ስኮራ! ለስንቱ አውርቼ! «መሐንዲስ ካልሆነ ስለ ጉድጓዱስ ምን ያውቃል? ያኔም የማያውቀውን ነገረኝ፣ አሁንም የማያውቀውን ያስፈራራኛል» አልኩ። ውሸትህን አምኜ እውነትህን ሳላምን ቀረሁ። ደግሞም መኪና ሊጭን ቀጠሮ ነበረን። ይህ ጭነት ይውጣና እነግረዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከተትኩት።

በዚያ ቀን መኪናው ቆሟል፤ አፉ ተደፍኗል። ዓባይነህ፣ «ከድር፣ አንዴ ነካ አድርግልንና ሰዎቹ ይሂዱ» አለው። እኔ ከጆንያዎቹ ጋር ነበርኩ። ከድር መሰላሉን ሲወርድ አየሁት። አየሁት፣ ብርሃነመስቀል። አሁንስ ልናገር፣ አሁንስ ልናገር እያልኩ ቆምኩ። ከሥር ሆኖ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ሽታውም የለም!» አለ። ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

ያኔ «ውጣ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፅ አልመለሰም። ዓባይነህ ወደ አፉ ሮጠ። ልብሱን ይዤ ጎተትኩት፤ «አትግባ፣ መርዝ ነው፣ ወንድሜ ጽፎልኛል!» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «መቼ?» አለኝ። ከዚያ «ሰው ሲሞት ቆሜ ልይ?» ብሎ እጄን አስለቀቀኝ። ሊጭኑ የመጡት ሰዎች በገመድና በሜንጦ ሲያወጧቸው እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ዓባይነህ ከድርን በብብቱ ይዞት ነበር።

ከመጨረሻ ቃሉ ሁሉ ያች «መቼ?» ናት የማትለቀኝ።

ከታች ያሉት ቤንቾች ሳይጠሩ መጥተው መቃብር ቆፈሩ። እኒያ አዛውንት አንዴም ስለ ወንዙ አላነሡም። ፖሊስ ቃሌን ወሰደ፤ ስለ ደብዳቤው ራሴ ተናገርኩ። ለሱሀይላም ሄጄ ነገርኳት፣ ሰው ሳይነግራት። ልጇን እያጠባች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሽታው የለም ሲል ምን አልሽው?» አለችኝ።

«ውጣ አልኩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

 አልጮኸችብኝም፤ ልጇን ወደ ሌላው ጡት አዞረች። ሽማግሌ ልኬ መፈልፈያውን ለእሷና ለልጇ እንዲሆን ጽፌላታለሁ። አልቀበልም ብላለች። ወረቀቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው።

አንተን አልረግምህም። ልረግምህ ስነሣ የራሴ እጅ ይታየኛል። እናትህ ጉድጓዱ ሁለት ሰው መግደሉን ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል፤ አንተ ራስህ ጻፍላቸው፤ ያንተን እኔ አልናገርልህም።

አሁን የምጽፍልህ ለዚህ አይደለም። ያንን ሥዕል ገልብጠው የወሰዱ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ እዚሁ ሸዋ ቤንች ነው፤ በአርባው ማግሥት ሄጄ በዓይኔ ፊት አስደፈንኩት። ሁለተኛው የማጂ ሰው ነው፤ ገና አልቆፈርኩም ብሎ ላከብኝ። ሦስተኛዋ ጌጫ ነው የምትኖረው፤ ማናልሞሽ የምትባል። ቡና ስለሌላት የእንሰት ትራፊ ከእበት ጋር ታብላላለች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ባሏ ጥሏት ሄዶ አራት ልጆች በዝቃጩ ሽያጭ ታሳድጋለች። ጉድጓዷም ጥልቅ ነው፤ ጥልቅ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።

በሹፌር እጅ ሁሉንም ጽፌ ላኩላት። ሹፌሩ ትናንት ተመለሰ። «አንብባው ሳቀች» አለኝ። «እትዬ እታገኝ ባሏ ሞቶባት ገበያው ሲቀርባት እኔም እንድተው ፈልጋ ነው። እሷ ስትከብርበት መርዝ አልነበረም፤ እኔ ስጀምር መርዝ ሆነ?» አለች አለኝ። አልፈርድባትም። እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

የምታማስለው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ራሷ እየወረደች፣ ትልቋ ልጇ ከላይ ቆማ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከቴፒ ወዲያ ወደ ጌጫ የሚወስደውን መንገድ የትናንት ሌሊቱ ዝናብ ቆርጦታል፣ መኪና አይሄድም ይላሉ። እስከ ቴፒ ነገ በጠዋቱ መኪና እሳፈራለሁ፤ ከዚያ በእግሬ ነው። ሁለቱንም ደብዳቤዎችህን፣ ሥዕሉ ያለበትንና የመስከረሙን፣ ይዣለሁ። ካላመነችኝ የጉድጓዷ አፍ ላይ እቀመጣለሁ።

እታገኝ